ስለ እንቁላል እየተጨቃጨቅን ግፊታችንን ማን ይለካልን? (ልብ ሕመምና የዕለት ልማዳችን)

ግራ_የገባው

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ቀላል ነው፣ መልሱ ግን ሰው በጠየቅኩ ቁጥር ይለያያል። 38 ዓመቴ ነው። ቀጭን ነኝ፣ ቦርጭ የሚባል ነገር የለኝም። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ሲጋራ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ብቻ፣ ያውም አንድ ወይ ሁለት። አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው።

አንዱ ጓደኛዬ «በዘር ከመጣ ምንም ብታደርግ አታመልጥም» ይለኛል። ሌላው ሁሉም ነገር በምግብ ነው ብሎ የእንቁላል አስኳል እየጣለ ነጩን ብቻ ይበላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ቅቤ ምንም አይልም፣ ጠላቱ ስኳር ነው ትላለች። ሦስቱንም ስሰማ ሁሉም ልክ ይመስሉኛል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከየት ልጀምር? አደራ «ሁሉንም ተው» የሚል መልስ እንዳትሰጡኝ፣ እሱን ራሴም አውቀዋለሁ።

የማታ_ነርስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በጥያቄ ልመልስ። የደም ግፊትህ ስንት ነው?

በጽሑፍህ ውስጥ እንቁላል አለ፣ ቅቤ አለ፣ ስኳር አለ፣ ዘር አለ። ግፊት የለም። ይሄ ደግሞ ያንተ ብቻ ነገር አይደለም። የልብ ክፍል ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ፣ አልጋ ላይ ሆነው የሚያጫውቱኝ ሰዎች ስለ ምግብ ብዙ ያውቃሉ፣ የትኛው ዘይት እንደሚሻል ለእኔው ያስተምሩኛል፣ ግፊትዎን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተለኩ ስላቸው ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ደም ብዛት አያምም። ራሴን ካላመመኝ የለብኝም የሚል ሰው ሞልቷል። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአንድ ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች መረጃ ተጠቃልሎ ሲታይ፣ ከ40 እስከ 69 ባለው ዕድሜ የላይኛው ቁጥር ከ115 ተነስቶ በየ20 በጨመረ ቁጥር በልብ ሕመምም በስትሮክም የመሞት ዕድሉ እጥፍ እየሆነ ይሄድ ነበር። 115 ስል አትደንግጥ፣ 120 በ80 ያለው ሰው መድኃኒት ይጀምር ማለቴ አይደለም። አደጋው 140 ላይ ድንገት እንደማይጀምር፣ ከዚያ በፊትም ቀስ እያለ እንደሚወጣ እንድታውቅ ብዬ ነው።

ቀጭንነትህን ደግሞ እንደ ዋስትና አትያዘው። ቀጭን ሰውም ግፊት ይይዘዋል፣ ኮሌስትሮሉም ከፍ ይላል።

ቁጥር_ወዳድ

ነርሷ ያለችው ልክ ነው፣ እኔ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ድሮ ሐኪሞች ሰው ሲያረጅ ግፊቱ መጨመሩ የተፈጥሮ ነው፣ እንዲያውም ያስፈልገዋል ይሉ ነበር። ሐሳቡ የተቀየረው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ፍሬሚንግሃም በምትባል ከተማ በ1948 በተጀመረው ጥናት ነው። 5,209 ጤነኛ ሰዎች ተመዘገቡ። ከዚያ ዝም ብለው ተከታተሏቸው። ማን ታመመ፣ ከመታመሙ በፊት ምን ነበረበት? ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ተደጋግመው ብቅ አሉ። ዛሬ ሐኪም ቤት «ለልብ ሕመም የሚያጋልጡ ነገሮች» ብለው የሚዘረዝሩልህ ከዚያ የጀመረ ነው።

ለአንተ ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ግን ኢንተርሃርት የሚባለው ነው። በ2004 ወጣ። 52 አገሮች ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃርት አታክ የያዛቸውን ሰዎች ካልያዛቸው ጋር አነጻጸረ፣ በእያንዳንዱ ወገን 15 ሺህ ገደማ ሰው። ዘጠኝ ነገሮች ብቻ ተደምረው በወንዶች 90 በመቶ፣ በሴቶች 94 በመቶ የሚሆነውን አደጋ አብራሩ። ሲጋራ፣ የኮሌስትሮል ሚዛን መዛባት፣ ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ የሆድ ውፍረት፣ ጭንቀት፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት፣ አለመንቀሳቀስ፣ እና አልኮል (በዚህኛው ላይ በኋላ እመለሳለሁ፣ ጉድ አለው)። ከሁሉም የበረቱት ሲጋራና ኮሌስትሮል ነበሩ። ይሄ በሁሉም አህጉር ማለት ይቻላል ተመሳሳይ ነበር፣ እኔን የገረመኝም እሱ ነው።

ስለዚህ «በዘር ከመጣ አታመልጥም» የሚለውን ጓደኛህን በ2016 በወጣ ሌላ ጥናት መልስለት። ከ55 ሺህ በላይ ሰዎች፣ የዘር መረጃቸው ታይቶ። በዘር ለልብ ሕመም በጣም ተጋላጭ ከሆኑት መካከል የማያጨሱ፣ ያልወፈሩ፣ የሚንቀሳቀሱና ደህና የሚበሉ (ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ) አደጋቸው እንደነሱው ተጋላጭ ሆነው ልማዳቸው ከተበላሸው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ዘር አለ፣ አይካድም። ግን ፍርድ አይደለም።

ተጠራጣሪው

እኔ እነዚህን ጥናቶች ስሰማ የሚያመኝ ነገር አለ። ትናንት እንቁላል ገዳይ ነው አሉን። ዛሬ ብሉ አሉን። ትናንት ስብ ነው አሉ፣ ዛሬ ስኳር ነው። በ2016 የወጣውን አላያችሁም? በ1960ዎቹ የስኳር ኢንዱስትሪው ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከፍሎ፣ በ1967 ጥፋቱን ከስኳር ወደ ስብ የሚያዞር ጽሑፍ በትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ አስወጥቷል። ከፋዩ ማን እንደሆነ ጽሑፉ ላይ አልተነገረም። ታዲያ ማንን ልመን?

ቅቤ_አይነካብኝ

በትክክል! ቅቤ በነጻ ተሰናብቷል። ሰው ለሺህ ዓመት ሲበላው ኖሯል። ያበላሸን የፋብሪካ ምግብና ስኳር ነው።

ፋርማሲስቷ

ተጠራጣሪው፣ የስኳሩ ታሪክ እውነት ነው፣ መጠርጠርህም አይከፋም። ግን ከእሱ ተነስቶ «ስለዚህ ስብ ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም። ስኳር ሻጩ ዋሸ ማለት ቅቤ ሻጩ እውነት ተናገረ ማለት አይደለም 😄

እስቲ ቧንቧው ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፣ እሱ ከገባ ጭቅጭቁ ግማሹ ያልቃል። ኮሌስትሮል ራሱ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ የሚጓዘው ተጭኖ ነው። ኤልዲኤል የሚባለው ተሸካሚ በደም ውስጥ ሲበዛ ወደ ደም ቅዳ ቧንቧው ግድግዳ ሰርጎ ይገባል፣ እዚያ ይቀራል። ነጭ የደም ሕዋሳት እሱን ሊያጸዱ መጥተው ይውጡታል፣ በስብ ተሞልተው እዚያው ይከማቻሉ። በዓመታት ውስጥ ግግር ይሆናል። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን አለው። አንድ ቀን ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ደም ቁስል ያገኘ መስሎት እዚያ ላይ ይረጋል፣ ቧንቧው ይደፈናል። ሃርት አታክ ማለት ይሄ ነው። ግፊት ግድግዳውን ይጎዳዋል፣ ሲጋራ ግድግዳውን ይጎዳል ደሙንም ለመርጋት ያቀርበዋል፣ የስኳር በሽታም እንዲሁ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገናኙት።

መቼ ነው የሚጀምረው? በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ በ1953 ውጤቱ ወጣ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር። በ77 በመቶው የልብ ቧንቧ ላይ የበሽታው ምልክት ተገኘ። በ22 ዓመት! ማንም አልታመመም ነበር፣ ማንም ደረቱን አላመመውም።

አሁን ወደ ቅቤ። ቅቤ ውስጥ በብዛት ያለው የሚረጋ ቅባት ነው፣ እሱ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ይሄ አከራካሪ አይደለም። አከራካሪ የሚመስለው ሰው ቅቤን ሲተው በምትኩ ምን እንደሚበላ ስለማይጠየቅ ነው። ቅቤን ትቶ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ የጨመረ ሰው ብዙም አላተረፈም። ቅቤን በፈሳሽ የአትክልት ዘይት የተካ ግን ኤልዲኤሉ ይወርዳል፣ የልብ አደጋውም ይቀንሳል። (ፓልምና ኮኮናት ስማቸው ከአትክልት ቢሆንም የሚረጋ ቅባታቸው ብዙ ነው፣ እነሱን አልቆጥርም።) እዚህ ላይ ባልደረባህም ግማሽ ልክ ናት፣ ስኳሩም ይቀነስ።

እንቁላል ደግሞ የምንጨቃጨቅበትን ያህል አይገባውም። የምትበላው ኮሌስትሮል የደምህን ኮሌስትሮል የሚያናውጠው በመጠኑ ነው፣ አብዛኛውን ጉበትህ ራሱ ይሠራዋል። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ በቀን ከ300 ሚሊግራም አትለፉ የሚለውን ገደብ ከ2015ቱ እትም ላይ አውጥቶታል። ለጤነኛ ሰው በቀን አንድ እንቁላል ምንም አይደለም። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ሐኪሙን ያማክር። ጓደኛህ አስኳሉን እየጣለ ከጎኑ የሚበላው ምንድነው? እሱን ጠይቀው።

እና አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ ሲታመሙ ስንት ዓመታቸው ነበር?

ግራ_የገባው

52። ምነው?

ፋርማሲስቷ

ምክንያቱም ልዩነት አለው። አባት ወይም ወንድም ከ55 በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት ከታመሙ «ያለዕድሜ» ይባላል፣ የቤተሰብ ታሪኩም ክብደት ያገኛል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ከተወለደ ጀምሮ ኤልዲኤሉ በጣም ከፍ የሚልበት የዘር ችግር አለበት። ብዙዎቹ አያውቁትም። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚይዝበት ተቀባይ ስለሚጎድል ነው። ብራውንና ጎልድስታይን ይሄንን አግኝተው በ1985 ኖቤል ተሸልመዋል። እንዲህ ያለው ሰው በምግብ ብቻ አይወጣውም፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። አለብህ አላልኩም። ግን የኮሌስትሮል ምርመራህን ለነገ አትበል። አንድ የደም ናሙና ነው፣ አለቀ።

ሌሎቻችሁም እባካችሁ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚያወርደውን መድኃኒት) እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ እንዳታቋርጡ። ጥሩ አመጋገብ ከመድኃኒቱ ጋር ነው እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ አይደለም።

ነጭ_ሽንኩርት_ብቻ

ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ቀቅላችሁ ጠዋት በባዶ ሆድ ጠጡ። ቧንቧ ያጥባል። ለ3 ሳምንት ብቻ።

ፋርማሲስቷ

አያጥብም። ግግሩ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው እንጂ ቧንቧው መሃል ላይ እንደ ዝቃጭ የተቀመጠ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ጨምሩት፣ ጣዕም ይሰጣል፣ ጨው ለመቀነስም ያግዛል። የቪታሚን ኢ ክኒንም ልብ ይጠብቃል ተብሎ ብዙ ተሽጧል፣ በ2000 የወጣው ትልቅ ሙከራ ግን ምንም ጥቅም አላገኘበትም።

አዘውታሪ

ስለ ሲጋራው ማንም አላነሳለትም። ወንድማችን «አንድ ወይ ሁለት» ብሎ በቀላሉ አልፎታል። እኔም እንደዚያ ነው የማጨሰው፣ ለዚህ ነው የምጠይቀው። አንድ ሲጋራ ከ20 አንድ አይደል? አደጋውስ 20 ጊዜ አያንስም?

ቁጥር_ወዳድ

ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ለሳንባ ካንሰር ወደዚያ የሚጠጋ ነገር አለው። ለልብ ግን አይሠራም። በ2018 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በቀን 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ አደጋ ግማሽ ገደማውን ይሸከማል። አንድ ሃያኛ አይደለም። ግማሽ! ምክንያቱም ደም ለመርጋት የሚዘጋጀውና የቧንቧው ግድግዳ የሚቆጣው ገና በትንሹ ጭስ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲጨመር አደጋው በዝግታ ነው የሚወጣው። ሌላ ሰው የሚያጨሰውን መተንፈስም ለዚህ ነው ልብ የሚጎዳው። ሺሻውም ጭስ ነው፣ ውሃ ውስጥ አለፈ ብላችሁ አትጽናኑ።

ደስ የሚለው ነገር ወዲያውም መውረዱ ነው። ካቆምክ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጨማሪው አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከ15 ዓመት በኋላ ጭራሽ ካላጨሰ ሰው ጋር ይቀራረባል። በምግብ ይሄን ያህል በዚህ ፍጥነት የሚመልስ ነገር እኔ አላውቅም።

አዘውታሪ

እሺ... ይሄንን ባላነበብኩ ይሻለኝ ነበር። ግን አመሰግናለሁ።

የማታ_ነርስ

አዘውታሪ፣ ከማን ጋር ስትሆን እንደምታጨስ ታውቃለህ አይደል? ከዚያ ጀምር። በየቀኑ የሱስ ጥሪ ከሌለብህ ያንተ ፈተና ያ ወንበርና ያ ሰዓት ነው። እጅህ ላይ ሌላ ነገር ያዝ፣ ቀድመህ ንገራቸው፣ እንዳይጋብዙህ። ጥሪው ካለብህ ደግሞ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ አለ፣ ጤና ባለሙያ ጠይቅ፣ ለብቻህ ጥርስህን ነክሰህ መታገል የለብህም።

ሯጩ

መቀመጡስ? ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ ብሏል እኮ።

ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አጠና፣ በ1953 አሳተመው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ቲኬት ቆራጩ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ። ቲኬት ቆራጮቹ የልብ ሕመም ያነሰባቸው ሆኑ፣ ሲይዛቸውም እንደ ሹፌሮቹ ቶሎ አይገድላቸውም ነበር።

ተጠራጣሪው

ምናልባት መጀመሪያውኑ ወፍራም ሰዎች ሹፌርነቱን መርጠው ይሆናላ። ወይም የሹፌሩ ጭንቀት ይሆናል፣ መንዳት ቀልድ አይደለም።

ሯጩ

ሃሃ፣ እሱም ጠርጥሯል! የደንብ ልብሳቸውን መዝገብ ፈልጎ የሱሪያቸውን የወገብ ልክ አየ። በ1956 እሱም ታተመ። በእርግጥም የሹፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ ነበር። ነገር ግን ቀጭኑን ከቀጭን፣ ወፍራሙን ከወፍራም ጋር ሲያስተያዩት የቲኬት ቆራጮቹ ብልጫ አልጠፋም። አየህ ጠያቂ፣ «ቀጭን ነኝ» የሚለው እዚህም አላዳነም። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሙያዎችም ብዙ ጊዜ ታይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 ምክር በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ጠንከር ያለ እርምጃ ነው፣ ወይም ላብ የሚያስወጣ ከ75 እስከ 150። ጠንከር ያለ ስል እያወራህ መሄድ የምትችልበት፣ መዝፈን ግን የማትችልበት። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ትንሹም ይቆጠራል፣ እንዲያውም ትልቁ ትርፍ ያለው ከዜሮ ወደ ትንሽ ስትወጣ ነው። እኔ ራሴ ለሯጮች የሚሰጠው ጭብጨባ የበዛ ይመስለኛል። አምስት ፎቅ በደረጃ የሚወጣውን ማንም አያጨበጭብለትም።

የጓዳ_ሰው

ስለ ጨው እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የማበስለው እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው «እኛ ቤት ጨው አይበዛም» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ከሁሉም ነገር ተደምሮ! ዓለም በአማካይ የሚበላው ግን 10 ግራም ያልፋል፣ እጥፍ ማለት ነው።

ብዙ ቦታ ጨውን የሚያበዛው ጨው መነስነሻው አይደለም። ዳቦው ነው፣ የታሸገው ሾርባ ነው፣ የተዘጋጀው ሥጋ ነው፣ አይቡ ነው፣ ማባያ ኩቡ ነው። ጥቅሉን ገልብጣችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ የሚጻፈው «ሶዲየም» ነው፣ ጨው አይደለም፣ ቁጥሩም አነስ ብሎ ይታያል። ሶዲየሙን በ2.5 አባዙት፣ ጨውን ታገኛላችሁ። 400 ሚሊግራም ሶዲየም የተጻፈበት 1 ግራም ጨው ነው። ከዚያ ደግሞ «በአንድ መመገቢያ» የሚለውን እዩ። ጥቅሉን ሙሉ ከበላችሁት የተጻፈው ለግማሹ ወይም ለሲሶው ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ የሚጨርሰውን ነገር ለሦስት ሰው ብለው ሲጽፉ።

ምላስ ደግሞ ይለምዳል። በአንዴ ከቀነሳችሁ ቤተሰቡ ሁሉ ይነሳባችኋል። ቀስ እያላችሁ ስትቀንሱ ግን ከሳምንታት በኋላ የድሮው ምግብ ራሱ ጨው የበዛበት ይመስላችኋል።

ፋርማሲስቷ

የጓዳ ሰው ተባረክ። አንድ ጥናት ልጨምር። በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ፣ ስትሮክ የነበረባቸው ወይም 60 ዓመት ያለፋቸውና ግፊት ያለባቸው 21 ሺህ ገደማ ሰዎች ላይ ተሠራ። ለግማሾቹ መንደሮች ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ተሰጠ። ሌላ ምንም አልተለወጠም። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ ነበር። ጨው በጨው ተተክቶ ብቻ!

ማስጠንቀቂያ ግን። የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ፖታሲየም የሚያስቀር የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይሄንን ጨው ሳይጠይቅ አይጀምር። ፖታሲየም ሲበዛ ራሱ ልብን ያቃውሳል።

ቅቤ_አይነካብኝ

እሺ ቅቤውን ቀነስኩ እንበል። ምሽት ላይ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ግን ለልብ ጥሩ ነው፣ ይሄንንም ልትከለክሉን ነው?

ቁጥር_ወዳድ

እመለሳለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ኢንተርሃርት ላይ በመጠኑ መጠጣት ልብን የሚጠብቅ መስሎ ነበር። ሌሎችም ጥናቶች እንደዚያ አሉ። በኋላ ሲመረመር ችግሩ ታየ። «አልጠጣም» ከሚሉት መካከል ታምመው ያቆሙ ሰዎች አሉ፣ ስለዚህ የማይጠጣው ወገን ከመነሻው የታመመ ሆኖ ይታያል። በመጠኑ የሚጠጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኑሯቸው ደህና ነው፣ ደህና ይበላሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በ2022 ለልብ የሚጠቅም የአልኮል መጠን የለም የሚል አቋም አወጣ። ግፊት ላይ ደግሞ አልኮል መጨመሩ ጥርጥር የለውም። ክልከላ አይደለም፣ መድኃኒት ነው ብለህ ግን አትጠጣው።

ቡናንም ከጠየቃችሁ፣ በመጠኑ ችግር የለውም። ሳይጠለል ተፈልቶ የሚጠጣው ግን ኤልዲኤልን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ዘይት አለው፣ በወረቀት ሲጠለል አብዛኛው ይቀራል። ኮሌስትሮሉ አልወርድ ያለው ሰው ይሄንንም ይመልከት።

እንቅልፍ_አጣሁ

እንቅልፍና ጭንቀትስ? እናንተ ስለ ሆድ ብቻ ነው የምታወሩት።

የማታ_ነርስ

ልክ ነሽ፣ እኔ ራሴ ማታ እየሠራሁ ቀን የምተኛ ሰው ስለሆንኩ ሳላነሳው ማለፌ ይገርማል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ለልብ ጤና ከሚቆጥራቸው ነገሮች ዝርዝር ላይ እንቅልፍን ጨምሯል፣ ለአዋቂ ከ7 እስከ 9 ሰዓት። በተለይ የሚያንኮራፋ፣ ሌሊት ትንፋሹ ቆም የሚል፣ ቀን ላይ ቁጭ ባለበት የሚያንቀላፋ ሰው ይመርመር፣ የማይወርድ ግፊት ጀርባ ብዙ ጊዜ እሱ አለ።

ጭንቀቱ ከባድ ነው፣ «አትጨነቂ» ብዬ አላሾፍብሽም። በራሱም ይጎዳል፣ ግን የተጨነቀ ሰው ያጨሳል፣ ይጠጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ያገኘውን ይበላል። አንዱን ክር ብትይዢ ሌላውም ይላላል።

ሌላም ነገር፣ ስለ ልማድ ስናወራ ይሄንን ሳልናገር ብወጣ አይሆንም። ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ስሜት፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካለው፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ ቤት አትቆዩ። ሴቶች ላይ ደረቱን ሳያም ድካም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። የልብ ጡንቻ ደም ባጣ ቁጥር በደቂቃ ነው የሚሞተው።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። ስለ ምግብ ብቻ በእውነት የተሞከረ፣ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ የታየ ነገር አለ? ወይስ ሁሉም መጠይቅ እየሞሉ ነው?

ቁጥር_ወዳድ

አለ። በ1997 የወጣው ዳሽ የሚባለው ለሰዎቹ ምግባቸውን አዘጋጅቶ ሰጥቶ ነው የተሠራው። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ስቡ የቀነሰ ወተት። ግፊታቸው በሳምንታት ወረደ። በ2001 ጨውም ሲቀነስበት የበለጠ ወረደ። ትልቁ ደግሞ በስፔን የተሠራው ፕሬዲሜድ ነው፣ ከ7 ሺህ በላይ ሰው። ሁለቱ ቡድኖች የሜዲትራኒያን አገሮች ዓይነት አመጋገብ፣ ለአንዱ የወይራ ዘይት፣ ለሌላው ለውዝና መሰል ፍሬዎች ተጨምሮለት፣ ሦስተኛው ስብ ቀንስ የሚል ምክር። በ2013 ወጣ፣ ከዚያ አንዳንዶቹ ቦታዎች ላይ ዕጣው በትክክል አለመውጣቱ ስለተደረሰበት ጸሐፊዎቹ ስበው በ2018 እንደገና አሳተሙት። በድጋሚ ሲሰላም በወይራ ዘይቱና በለውዙ ቡድኖች ሃርት አታክ፣ ስትሮክና በእነሱ መሞት 30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። አንተ እንደምትፈልገው ንጹሕ አይደለም፣ ግን መጠይቅ ብቻም አይደለም።

እና አስተውል፣ ሁለቱም ሙከራዎች ስለ አንድ ምግብ አይደሉም። ስለ ሙሉ ሳህኑ ናቸው። እዚህ ክር ላይ ግን ስለ እንቁላል ስንት መስመር ጻፍን?

ግራ_የገባው

እሺ ገባኝ። የኮሌስትሮል ምርመራ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሲጋራውን... ቅዳሜ ነው ፈተናው፣ እዚያው አያለሁ። ግፊት መለኪያ ደግሞ ከዘመድ ተውሼ አሁን ለካሁ፣ 148 በ92 አለኝ! ደንግጫለሁ። ደረጃ ወጥቼ እንደገባሁ ነበር የለካሁት።

የማታ_ነርስ

ተረጋጋ። አንድ ልኬት ምርመራ አይደለም፣ ያውም ደረጃ ወጥተህ። ቡናና ሲጋራ ከ30 ደቂቃ በፊት አይኑር። ሽንትህን ሽና፣ የሞላ ፊኛ ራሱ ግፊት ይጨምራል። ጀርባህን አስደግፈህ፣ እግርህን ሳታነባብር መሬት ላይ አድርገህ 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ስልክም አትነካ፣ አታውራ። ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ በልብህ ቁመት ይሁን። መጠቅለያው በልብስ ላይ ሳይሆን በራቁት ክንድ ላይ። ሁለት ጊዜ ለካ፣ መሃል ላይ አንድ ደቂቃ። ጠዋትና ማታ ለሳምንት እንዲህ አድርገህ ጻፍና ወረቀቱን ለሐኪሙ ውሰድለት። ቤት ውስጥ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው የሚባለው፣ 140 አይደለም።

ከ180 በ120 ካለፈና የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ሳምንት አትጠብቅም፣ ያኔውኑ ትሄዳለህ።

ግራ_የገባው

በየትኛው ክንድ ነው የምለካው?

የማታ_ነርስ

መጀመሪያ ቀን በሁለቱም ለካ። ከፍ ባለው ትቀጥላለህ። በመሃላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በላይ ከሆነ እሱንም ጻፍለት፣ ሐኪሙ ይፈልገዋል።